ባሕር መሻገር ልብን አያሻግርም



ከጥቂት ሳምንታት በፊት እዚህ ይጁቤ ከእሑድ አምልኮ በኋላ አንድ ወጣት ወንድማችን እንዲጸለይለት ወደ ፊት ወጣ። ዲቪ ደርሶታል። እናቱ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ታለቅሳለች፤ ልጆቹ በደስታ ያጨበጭባሉ። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ እጁን ጭኖ ሲጸልይለት፣ ጌታ ሆይ፣ በነፃነት ሊያመልኩህ ባሕር የተሻገሩትን የቀድሞ አባቶች እንደመራህ ይህንንም ልጅ ምራው አለ። ሁላችንም አሜን አልን። እኔም አሜን ብያለሁ።

ነገር ግን ስንወጣ ከጎኔ የነበረ ሌላ ወጣት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኛስ ከዚህ መቼ ነው የምንወጣው?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ያን ቀን ያልመለስኩለትን ነው ዛሬ የምጽፈው። ለእርሱ ብቻ ሳይሆን፣ እንደ እኛ ጥቂት ሆነው በትንንሽ ከተሞች ለሚያመልኩ ሁሉ ነው።

ጥያቄው ከምን እንደ መጣ አውቃለሁ። እኛ በበሶ ሊበን ጥቂቶች ነን። ጌታን የተቀበለ ሰው ከዕድር ሲወጣ አይተናል፤ የቤት ኪራይ ሲከለከል አይተናል። አንዲት አረጋዊት እናታችን ባረፉ ጊዜ መቃብር አጥተን ያደርንባትን ሌሊት ማንም አልረሳትም። «መጤ ሃይማኖት» የሚለው ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ ጆሯችን ላይ አለ። እንዲህ ያለ ኑሮ የሰለቸው ወጣት ነፃነት ያለበትን አገር ቢመኝ አልፈርድበትም። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ በጸሎታችን የምንጠራቸውን እነዚያን ተሻጋሪዎች በእርግጥ እናውቃቸዋለን? ታሪካቸውንስ እስከ መጨረሻው አንብበነዋል? (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

መጀመሪያውን እናውቀዋለን፤ ያምራልም። በእንግሊዝ አገር ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ተለይተው በየቤቱ የሚሰበሰቡ ጥቂት አማኞች ነበሩ። ይከሰሳሉ፣ ይታሰራሉ። በ1608 ወደ ሆላንድ ሸሹ፤ ላይደን በምትባል ከተማ ከአሥር ዓመት በላይ በስደት ኖሩ። በ1620 ከእነርሱ መካከል የተወሰኑት ሜይፍላወር በምትባል መርከብ አትላንቲክን ተሻገሩ። መርከቧ 102 ተሳፋሪዎች ይዛ ነበር፤ ሁሉም ለእምነት የተሰደዱ አልነበሩም፣ ኑሮ ፍለጋ የወጡም ነበሩባት። በክረምት መግቢያ ደረሱ፤ ጸደይ ሳይመጣ ግማሽ ያህሉ በብርድና በበሽታ አለቁ። የቀሩት ግን እግዚአብሔርን ማመስገን አልተዉም። ይህ እምነት ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

አሁን ብዙ ጊዜ የማይሰበከውን ልንገራችሁ። ያረፉበት ስፍራ ባዶ ምድር አልነበረም። ፓቱክሴት የሚባል መንደር ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባሕር ማዶ በመጣ ወረርሽኝ ሰዎቹ አልቀዋል። ከዚያ መንደር ልጆች አንዱ ቲስኳንተም ይባላል። በ1614 አንድ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ አፍኖ ወስዶ ለባርነት ወደ ስፔን አጋዘው። በእንግሊዝ በኩል አድርጎ በ1619 ወደ አገሩ ሲመለስ ከወገኖቹ አንድም አላገኘም። እንግዲህ እነዚያ የተራቡ ስደተኞች በመጡ ጊዜ በቆሎ እንዴት እንደሚዘራ ያሳያቸው፣ ከጎረቤት ሕዝብ አለቃ ከማሳሶይት ጋር ሲስማሙ ያስተረጎመላቸው ይህ ሰው ነው። የሸጡት ሰዎች ቋንቋ የሚናገሩትን መገበ። እስቲ ወገኖቼ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጉን ሳምራዊ ፈልጉት፤ ከመርከቧ ከወረዱት መካከል ነው ወይስ በባሕሩ ዳር ከቆሙት?

ሃምሳ አምስት ዓመት አለፈ። በ1675 በማሳሶይት ልጅ በሜታኮም እና በሰፋሪዎቹ መካከል ጦርነት ተነሣ። ሜታኮም ተገደለ፤ ራሱም ተቆርጦ በፕሊመዝ ከተማ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ለዓመታት ታየ። የልጁ ነገር ደግሞ ይበልጥ ልብ ያደማል። የዘጠኝ ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። ይገደል ወይስ ይትረፍ በሚለው ላይ የወንጌል አገልጋዮች ተጠየቁ፤ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገልጠው ተከራከሩ። በመጨረሻ ከእናቱ ጋር ለባርነት ተሸጠ። አያቱ ስደተኞቹን በተቀበለበት አገር የልጅ ልጁ ተሸጠ።

ለእርስ በርሳቸውስ እንዴት ነበሩ? ከፕሊመዝ ሰሜን በ1630 ሌሎች ብዙ አማኞች መጥተው ማሳቹሴትስን መሠረቱ። መሪያቸው ጆን ዊንትሮፕ በማቴ. 5፥14 ያለውን በተራራ ላይ ያለች ከተማ ምሳሌ ለእነርሱ ኑሮ ጠቀሰ። ግን ስድስት ዓመት ሳይሞላ፣ መንግሥት በሰው ሕሊና ላይ ሥልጣን የለውም፣ የአገሬውም ሰዎች መሬት ያለ አግባብ ተወስዷል ብሎ ያስተማረውን ሮጀር ዊልያምስን ከግዛታቸው እንዲወጣ ፈረዱበት። በ1660 ደግሞ ሜሪ ዳየር የምትባል ሴት ክዌከር በመሆኗና ተባርራ በመመለሷ በቦስተን ተሰቀለች። ለሕሊና ነፃነት ባሕር የተሻገሩ ሰዎች፣ አርባ ዓመት ሳይሞላ በሕሊና ምክንያት ሰው ሰቀሉ።

ይህን የምጽፈው በቅዱሳን ላይ ለመፍረድ አይደለም። ሰው ወንዝ ሲሻገር፣ ባሕር ሲሻገር፣ ልቡን ይዞት እንደሚሻገር ለማሳየት ነው። እስራኤል ቀይ ባሕርን በአንድ ሌሊት ተሻገሩ፤ ግብፅ ከልባቸው እስክትወጣ ግን አርባ ዓመት አልበቃም። ጌታም ያን ያውቃልና፣ በምድሪቱ ላይ በተቀመጡ ጊዜ መጻተኛውን እንዳያስጨንቁ አስቀድሞ አዘዛቸው፤ ምክንያቱንም ሲነግራቸው የመጻተኛን ነፍስ እናንተ ራሳችሁ ታውቋታላችሁ አላቸው (ዘጸ. 23፥9ን አንብቡት)። መከራ ያስተምራል እንላለን። መከራ የሚያስተምረው ግን የሚያስታውሰውን ሰው ብቻ ነው።

አሁን ከሩቅ አገር ወደ ራሳችን ደጅ እንምጣ። ባሕር ተሻግሮ ወንጌል ይዞ መስፈር በእኛም አገር ሆኗል፤ ያውም ከእኛ ብዙ በማይርቅ ስፍራ። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የምትባል መንደር አለች። በ1855 ዮሐን ክራፕፍ እና ማርቲን ፍላድ ወደ አፄ ቴዎድሮስ ቀረቡ። የላካቸው ሳሙኤል ጎባት ነበር፤ እርሱ በወጣትነቱ በጎንደር ያገለገለ፣ ኋላም በኢየሩሳሌም ጳጳስ የሆነ ሰው ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ቄሶች ሳይሆኑ የእጅ ሙያ ያላቸው ምእመናን ይሂዱ፤ በላባቸው እየኖሩ ቅዱሳት መጻሕፍትን ያከፋፍሉ፤ የአገሩን ቤተ ክርስቲያን ሳይሽሩ ቃሉን ያሰሙ። ከስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ከ1856 ጀምሮ መጡ። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዋልድማየር እና ዛልሙለር። በጋፋት ቤት ሠሩ፤ አገቡ፤ ልጆች ወለዱ፤ የአገሩንም ልጆች ሙያና ንባብ አስተማሩ።

ንጉሡ ግን ከመጻሕፍቱ ይልቅ እጃቸውን ወደዱ። መንገድ ጥረጉ አላቸው፤ ጠረጉ። ሠረገላ ሥሩ አላቸው፤ ሠሩ። ከዚያም መድፍ ሥሩ አላቸው። እንደማያውቁ ቢናገሩም አልተቀበላቸውም። ሞከሩ፣ ከሸፈባቸው፣ ደግመው ሞከሩ፤ በመጨረሻ ያን ሴባስቶፖል የተባለውን ግዙፍ መድፍ አቀለጡ። መቶዎች እየጎተቱት መቅደላ ወጣ። የሰላምን ወንጌል ሊያዳርሱ የመጡ እጆች የጦር መሣሪያ ሲሠሩ ከረሙ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መጣ፤ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሱን ሠዋ፤ የጋፋት ሰዎችም ከጦሩ ጋር ከአገር ወጡ። ጋፋት እንደ ሰፈር አበቃች፤ መድፉ ግን ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።

እኔ እነዚህን ሰዎች እወዳቸዋለሁ። በንጉሥ እጅ ሥር የገባ ሰው ምን ያህል ምርጫ አለው? ሆኖም ትምህርቱን እንውሰድ። ወንጌል የኃይለኛን ጥላ ሲጠጋ ኃይለኛው የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። አንድ ባለሥልጣን ስለ ወደደን፣ አንድ የውጭ ድርጅት ስለ ረዳን የቆመ ሥራ፣ እነርሱ ሲሄዱ ምን ይቀረዋል? በየከተማው በልመና ገንዘብ የተሠሩ፣ ዛሬ በራቸው የተዘጋ አዳራሾችን ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል።

እንግዲህ ወንጌል በአማርኛ እንዴት ቀረ ካላችሁ፣ ልቤን ሁልጊዜ የሚነካውን ነገር ልንገራችሁ። የጋፋት ሰዎች በሣጥን ይዘውት የመጡት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በማን እጅ የተተረጎመ ይመስላችኋል? በጎጃሜ እጅ ነው። አቡ ሩሚ ይባላል፤ አባ አብርሃምም ይሉታል። የጎጃም መነኩሴ ነው። ከአገሩ ወጥቶ ኢየሩሳሌምን የተሳለመ፣ እስከ ህንድ የተጓዘ፣ በመጨረሻም በካይሮ የተቀመጠ ሰው ነው። በዚያ አስለን የተባለ የፈረንሳይ ቆንስል አገኘው። ሁለቱ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በር ዘግተው ይቀመጡ ነበር። አቡ ሩሚ ቃል በቃል፣ ጥቅስ በጥቅስ እየተረጎመ፣ አሥር ዓመት ሙሉ። ከዘጠኝ ሺህ ገጽ በላይ በእጁ ጻፈ። በ1819 በካይሮ በወረርሽኝ ሞተ፤ የእጁን ሥራ ታትሞ አላየም። በ1820 የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጽሑፉን ገዛ፤ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታተመ።

ወገኖቼ፣ ይህን ልብ በሉ። ባሕር ተሻግሮ መጣ የምንለው መጽሐፍ አስቀድሞ ከዚህ ወጥቶ የሄደ ሰው ሥራ ነው። አቡ ሩሚ የእኛ ዓይነት ጴንጤ አልነበረም፤ የኦርቶዶክስ መነኩሴ ነበር። ጎረቤታችን «መጤ» ሲለን ልንቆጣ አይገባንም፤ በትሕትና፣ ይህን የምናነበውን ቃል ወደ አማርኛ የመለሰው የእናንተ አባት ነው፣ እኛም የእርሱ ባለ ዕዳዎች ነን ማለት እንችላለን። ይህን ስናውቅ እኛም ጎረቤቱን «ጨለማ ውስጥ ያለ» እያልን ከመናቅ እንቆጠባለን። ንቀቱ በአንድ ወገን ብቻ አልነበረምና፣ በዚህ ንስሐ ልንገባ ይገባናል።

አንድ ነገር ልጨምር። የዛሬዋ ይጁቤ በ19ኛው መቶ ዘመን በሶ ተብሎ ዝናው የወጣ ገበያ ነበረች። ከዓባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ይመጣባት ነበር፤ ከሰሜን አሞሌ ጨው ይመጣባት ነበር። ሰውም ይመጣባት ነበር፤ ለመሸጥ። የሜታኮም ልጅ በሩቅ አገር ሲሸጥ ልባችን ከደማ፣ በእኛም ደጅ ዓባይን በገመድ ታስረው የተሻገሩ ሕፃናት እንዳለፉ አንርሳ። መሻገር ለሁሉም ነፃነት አልነበረም።

ከእነዚያ ዘመናት ባሪያዎች አንዱ ግን ምን እንደ ሆነ ስሙ። በኢሉባቦር ተወልዶ በልጅነቱ የተሰረቀ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምፅዋ የደረሰ ልጅ በዚያ ነፃ ወጣ። የስዊድን ሚስዮናውያን አስተማሩት። ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። እርሱም በተራው ባሕር ተሻግሮ በስዊድን ተማረ፤ ተመልሶም በአስቴር ጋኖ እየታገዘ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ። በ1899 ታተመ። የት? በዚያው በቅዱስ ክሪሾና! መድፍ ሠሪዎቹ ተምረው በወጡበት ኮረብታ ላይ፣ የአንድ የቀድሞ ባሪያ ትርጉም ማተሚያ ቤት ገባ። ኦኔሲሞስም መጽሐፉን ይዞ በአውሮፓ አልቀረም፤ ወደ ወለጋ ተመለሰ፣ እስኪሞትም ወገኖቹን አስተማረ።

አሁን ለዚያ ወጣት ጥያቄ መልሴን ልስጥ። እኛስ መቼ ነው የምንወጣው?

ወንድሜ፣ መሄድ ኃጢአት አይደለም። አብርሃም ሄዷል፤ በኢየሩሳሌም ስደት በተነሣ ጊዜ የተበተኑት አማኞችም ሄደዋል፤ በሄዱበት ሁሉ ቃሉን ሰበኩ (ሐዋ. 8፥4)። ዲቪ የደረሰውን ወንድማችንን በደስታ እንሸኘዋለን፤ ስንቁን እንቋጥርለታለን። ነገር ግን መሄድን እምነት፣ መቅረትን የእምነት ማነስ አድርገን አንጸልይ። የዕብራውያን ጸሐፊ በምዕራፍ 11 ያመሰገናቸው ሰዎች አገር ያገኙ ሰዎች አይደሉም፤ የሚሻለውን፣ የሰማዩን አገር እየናፈቁ በድንኳን የኖሩ ናቸው። ሜይፍላወር ከተሳፈሩት ብዙዎቹ ይህን ምዕራፍ ያውቁት ነበር። ልጆቻቸው ግን ምድሪቱን ከሰማዩ አገር ጋር አሳሳቱ። በምድር ላይ እንግዳ መሆናቸውን በረሱ ቀን ሌላውን እንግዳ አደረጉት።

ስለዚህ የምትሄድ ከሆነ እንደ እንግዳ ሂድ። የተቀበለህን ሰው አትርሳ። በዚያ ብዙኃን ከሆኑት ጋር ስትቆጠር፣ በጥግ የሚያመልከውን ሌላ ሰው ተመልከት፤ ይጁቤ ላይ አንተ ነበርህና። በአገራችንም ውስጥ የእኛ ወገኖች የበዙባቸው ቦታዎች አሉ። በዚያ ያሉ ጥቂት ኦርቶዶክሳውያንና ሙስሊሞች መቃብር፣ መሬት፣ የሥራ ቦታ ሲጠይቁ መልሳችን ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ በቅንነት ሳንመልስ ስለ ሃይማኖት ነፃነት ብንጮህ የዊንትሮፕን ከተማ ደግመን መገንባታችን ነው።

የምትቀር ከሆነ ደግሞ እንደ ታሰረ ሰው አትቅር፤ እንደ ተላከ ሰው ቅር። ነቢዩ ኤርምያስ በባቢሎን ለነበሩት ምርኮኞች ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ስለ ከተማይቱም ሰላም እንዲጸልዩ ጻፈላቸው (ኤር. 29ን ተመልከቱ)። ምርኮኛ ይህን ከታዘዘ፣ በተወለደበት ቀዬ የሚኖር ሰው ምን ያህል ይበልጥ አይታዘዝ?

ያችን መቃብር ያጣንባትን ሌሊት መልሼ ላንሣት። ብዙ ጊዜ ስናወራት ክልከላውን ብቻ እናወራለን። ነገር ግን ሙሉውን እንናገር። ንጋት ላይ የእኚያ እናት ጎረቤት፣ ነጠላቸውን ያጣፉ፣ ማተባቸው ከአንገታቸው ያልወረደ አዛውንት መጡ። «አርባ ዓመት እሳት የተጫጫርናትን ሴት ለአሞራ አልሰጥም» ብለው የቃሬዛውን አንድ እግር ያዙ። ልጆቻቸውም ተከተሉ። ስለ እኛ ትምህርት ምንም የተለወጠ አሳብ አልነበራቸውም፤ አሁንም የላቸውም። ቲስኳንተምን ባነበብሁ ቁጥር የሚታዩኝ እርሳቸው ናቸው። ሁላችንም ከዚህ ብንወጣ ኖሮ ያን ቃሬዛ ከእርሳቸው ጋር ማን ይሸከም ነበር? ነገስ እርሳቸው ሲያርፉ የእርሳቸውን ከልጆቻቸው ጋር ማን ይሸከማል? እኔ እዚህ ሆኜ ልሸከም እወዳለሁ።

እንግዲህ እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ ለሚሄዱት የእንግዳ ልብ ስጣቸው፤ ለምንቀረው የጎረቤት ልብ ስጠን። ጥቂት ስንሆን ከፍርሃት፣ ስንበዛ ከትዕቢት ጠብቀን። በር ዘግቶ አሥር ዓመት ቃልህን የጻፈውን የአገራችንን ልጅ ትጋት ለእኛም አድለን። አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።